እጇን ወደ ኋላ ያጣመረችው ሴት

«በሩን ከውጭ የምትቆልፊው ሌባ እንዳይገባ ነው ወይስ እማማ እንዳይወጡ?»

ነርሷ ያን ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ቁልፉን ከቦርሳዋ ስትፈልግ ነው የተጠየቀችው። የጠየቀቻት እናቷን የምትረዳው የአረጋውያን ማኅበር ሠራተኛ ናት፤ ከተቆለፈው በር ፊት ለፊት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነበር። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ሽሙጥም የለም፤ አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። «ድስት ጥጄ ነው የወጣሁት» አለችና በሩን ከፍታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር አልነበረም። የቀዘቀዘውን ምድጃ በጨርቅ ደጋግማ ወለወለችው፤ ጥያቄው ግን አብሮ አልተወለወለም።

የከነከናት ደግሞ ጥያቄው ብቻ አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም ባለችበት ከላይ ሳቅ ሰምታ ነበር። አንደኛው ሳቅ ከበሩ ውጭ፣ ሌላው ከበሩ ውስጥ፤ እስረኛና ጠያቂ በቀዳዳ እንደሚጨዋወቱ ዓይነት። የእናቷን ሳቅ ከሰማች ቆይታለችና መጀመሪያ የማን እንደሆነ እንኳ አልለየችውም። ከዚያ ሳቁ ዝቅ አለና እናቷ፣ «ለልጄ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ታውቂያታለሽ፣ ታለቅሳለች» አሉ። ሠራተኛዋም፣ «እኔ አልናገርም እማማ። መናገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት» አለች። ያን ጊዜ የነርሷ ጫማ ደረጃውን መታና ሁለቱም ጸጥ አሉ። ሰው ሲመጣ የሚቋረጥ ወሬ ስለ ማን እንደሆነ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

«ነርሷ» የሚሏት ሕንፃው ውስጥ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ነርስ ሆና አታውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ ደረጃው ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ሲጎዳ፣ ልጇንና አንድ ሻንጣ ይዛ ልታስታምም መጣች። አስታምማ አስነሣቻቸው፤ ከዚያ ግን አልሄደችም። መሄጃም አልነበራትም። ባሏ ለሥራ ብሎ በሄደበት ቀርቷል፤ ተከራይታው በነበረው ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። ይህን ለማንም አትናገርም። ለጎረቤት የምትናገረው እናቷ ውሃ እንኳ ቀድተው መጠጣት እንደማይችሉ ነው፤ ይህንኑ ስትናገር ስትናገር ነገሩ እውነት እየሆነ ሄደ። ዳቦውን ትቆርስላቸዋለች፣ ፀጉራቸውን ታጥባለች፣ ጫማቸውን ታስራለች፣ ብርጭቆውን አፋቸው ድረስ ትይዝላቸዋለች። አንድ ቀን ጽሑፉን ማንበብ አቅቷት የመድኃኒት ሣጥን ተሳስታ የጠዋቱን ከማታው ልታቀላቅል ስትል እናቷ ባይይዟት ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር እያሰበች ስታለቅስ አድራ፣ በማግሥቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ልጇን አድርሳ ተመልሳ፣ ቁርስ አቅርባ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ፊደሏን ልትቆጥር ትሄዳለች። «ለደኅንነቷ ነው» ትላለች ለጎረቤቶቿ። «እናት አንድ ናት፣ ደረጃው ግን ብዙ ነው።»

ማኅበሩ አረጋውያን በገዛ ቤታቸው ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ አግዛለሁ ይላል። ነርሷ ይህን ስትሰማ ልብስ የሚያጥብ፣ ወለል የሚወለውል፣ ከገበያ ዘይት የሚያመጣ ሰው መስሏት ነበር። የመጣችው ግን ግራጫ ሰደርያ የለበሰች፣ በነርሷ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ሥራዋም እጇን ወደ ኋላ አጣምሮ መቆም ነው። እናቷ የማሰሮ ክዳን ሲታገሉ ቆማ ታያለች። ሻይ ሲደፋባቸው ቆማ ታያለች። «ጨርቁ የት እንደሆነ ያውቁታል እማማ» ትላለች እንጂ አንሥታ አታቀብልም። አንድ ቀን ነርሷ አላስችላት ብሎ ዘላ ልትወለውል ስትል፣ «ተዪያቸው እህቴ። አንቺም እንደኔ እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊና እዪ» አለቻት። «በገዛ ቤቴ የፊጥኝ ልታሰር?» አለች ነርሷ በሆዷ። «በገዛ ቤቴ» ያለችውን ግን ራሷው ቶሎ ዋጠችው፤ ቤቱ የእናቷ ነው።

ያን ያህል ጊዜ፣ ያን ያህል ትዕግሥት በነጻ የሚሰጥ ሰው አይታ አታውቅም። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ሴትዮዋ ሜትር አውጥታ የመታጠቢያ ቤቱን በር ለካች፤ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፤ ከዚያ እንደ ዘበት፣ «ቤቱ በማን ስም ነው እማማ?» አለች። በዚያው ዕለት ማታ ወንድሟ ደወለ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ነው የደወለው፤ ጫጫታው ውስጥ እየሳቀ፣ «እማዬ ደረጃ መውረድ ጀምራለች አሉኝ። እንዲህ ራሷን ከቻለች አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት። ቀልድ ነው ብላ ልትስቅ ሞከረች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ነገር ከነገር አጋጠመች። «አሉኝ» ያለው እነማን ናቸው? ሴትዮዋን የላካት እሱ ቢሆንስ? እናትየዋ ብቻዋን መኖር ትችላለች ይባላል፤ ነርሷ ልጇንና ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፤ ባዶ የቀረ ቤት ደግሞ ለመሸጥ አያስቸግርም። ልጇን አቅፋ ስትተኛ የምታስበው ይህንኑ ሆነ፤ የትኛው ዘመድ ቤት፣ በየትኛው ጥግ፣ ለስንት ጊዜ።

ከማድ ቤቱ ስትወጣ እናቷ ለብሰው ቆመዋል። ጫማቸው ታስሯል።

«ማን አሰረልሽ እማዬ?»

«እጄ።»

ሠራተኛዋ፣ «ከእማማ ጋር ወጣ ብለን ዞር ዞር እንላለን። አንቺ ከትምህርትሽ እንዳትቀሪ» አለች። ነርሷ ቀና ብላ እናቷን አየች፤ እናቷ መስኮቱን አዩ። «ዛሬ ቀዝቃዛ ነው» አለች ነርሷ። «ሹራብ ደርቤያለሁ» አሉ እናቷ። «አስፋልቱ ያንሸራትታል።» «አልዘነበም።» ነርሷ ደብተሯን በብብቷ ይዛ፣ ደህና ዋሉ ብላ ወረደች፤ ሄደች ግን አይደለም። ከሕንፃው ማዶ ካለው የፎቶ ቤት በረንዳ ላይ፣ የሙሽሮች ፎቶ ከተሰቀለበት መስታወት አጠገብ ቆማ ጠበቀች። ባለፎቶ ቤቱ ወጥቶ፣ «ፎቶ ፈልገሽ ነው እህቴ?» ሲላት፣ «ሰው እየጠበቅሁ ነው» አለችው። ውሸት አልነበረም።

እናቷ ከሕንፃው ደጃፍ ብቅ እስኪሉ ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች። በግራ እጃቸው ከዘራ፣ በቀኝ እጃቸው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው፣ የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች እያንሾካሾኩ ወረዱ፤ «ደጉ ሽቅብ፣ ክፉው ቁልቁል።» ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው ማለት ነው። ማን እንዳስተማራቸው ግልጽ ነው። ሠራተኛዋ ከኋላቸው ትንሽ ራቅ ብላ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትከተላለች። ነርሷም በሌላው የመንገድ ዳር ተከተለች። እንዲያ ሆና ሌባ ሌላውን ሌባ እንደሚከተል ስትሄድ፣ ከሴትዮዋ ሰደርያ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ከአፏ ሳታወጣ ፊደል በፊደል ገጣጠመችው። በ-ቤ-ቴ። በ-ጉል-በ-ቴ። በመንገድ ላይ ያለ ጽሑፍ ያለ ማንም እርዳታ ስታነብ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስታውን ግን በዚያ ሰዓት የምታስቀምጥበት ቦታ አልነበራትም። «በቤቴ በጉልበቴ» አለች ለራሷ፤ «ቤቱ የማን እንደሚሆን እናያለን።»

መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲደርሱ እናቷ ከእግረኛ መንገዱ ሲወርዱ ተንገዳገዱ። ከዘራቸው ተንሸራተተ፤ አንድ እጃቸው አየር ጨበጠ። ነርሷ «ወይኔ!» ብላ አፏን በደብተሯ አፈነች። ሠራተኛዋ እጇን ከጀርባዋ ፈታች፤ አልዘረጋችውም ግን፤ ዝግጁ አድርጋ ብቻ ቆመች። እናቷ የቆመ መኪና ተደግፈው ተረጋጉ፣ ከዘራቸውን አስተካከሉ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ተሻገሩ። ነርሷ ያቺን ሴት ካለችበት ሄዳ በጥፊ ማለት ነበር ያማራት። ምን ዓይነት ልብ ነው ሰው ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ? የሰው እናት ስለሆነች ነው።

የአትክልት መደብሩ ማዕዘኑ ላይ ነው። ነርሷ በየሁለት ቀኑ የምትገዛበት፣ የተጠየቀችውን ከፍላ፣ ከላይ የተገኘውን አፍሳ፣ እናቷ ብቻቸውን ናቸው እያለች እየሮጠች የምትመለስበት ነው። ሻጩ ቀና ሲል እናቷን አይቶ አፉን ከፈተ።

«እማማ! ከየት ተገኙ? እኛ እኮ...»

«ሞተች ብላችሁ ነበር?»

«ኧረ እግዜር አያድርገው! ግን ያው፣ ሰው ሲጠፋ...»

«አልሞትኩም። አራተኛ ፎቅ ነበርኩ።»

መደብሩ ጋ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። እናቷ ከዘራቸውን ሳጥኖቹ ላይ አስደግፈው ሽንኩርቱን አንድ በአንድ በጣታቸው እየጫኑ መምረጥ ጀመሩ፤ የለሰለሰውን መልሰው ይወረውሩታል። ዋጋውን ሲነግራቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ገና ሳልልጠው አስለቀስከኝ!» አሉት። «ለእርስዎ ቀንሼ ነው እማማ።» «ለኔ ቀንሰህ እንዲህ ከሆነ ለጠላትህ ስንት ልትል ነው?» ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሁለት ሽንኩርት ጨመረላቸው። ነርሷ ከድንች ከረጢቶቹ ጀርባ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ያ ድምፅ የእናቷ ድምፅ ነው፤ በልጅነቷ ቀሚሳቸውን ይዛ ገበያ ለገበያ ስትከተል የምታውቀው። ቤት ውስጥ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰማችውም። ለሽንኩርት ሻጭ የሚወጣ ድምፅ ለኔ ምን ከለከለው አለች፤ የተሰማት ነገር ከቅናት የሚለይ አልነበረም።

ከመደብሩ ወደ ቤት መመለስ ሲገባቸው ወደ ግራ ታጠፉ። በግራ በኩል ያለው ጠባብ መንገድ ወደ ውልና ጉዳይ አስፈጻሚዎች ቢሮ ያደርሳል፤ ሰው ሲሸጥና ሲለውጥ የሚሄድበት ነው። አሁን ነው አለች። አሁን ነው የሚያስፈርሟት፤ ወንድሜም እዚያ ቆሞ እየጠበቀ ነው። እየተጣደፈች ደረሰችባቸው ማለት ይቻላል፤ እነሱ ግን ቢሮው ሳይደርሱ አንድ ዝቅ ያለ ቤት ፊት ቆሙ። እናቷ አላንኳኩም። በሩን ገፋ አድርገው፣ «አለሽ?» ብለው ገቡ፤ እንደሚገባ ሰው ሳይሆን እንደሚመለስ ሰው።

መስኮቱ ክፍት ነበር። መጋረጃው ሳስቷል፤ ነርሷ ከግድግዳው ተጠግታ አየች። አንድ ክፍል ናት፤ ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ የልብስ ስፌት መኪና፣ በመስኮቱ ግራና ቀኝ ሁለት አልጋዎች። አንዱ በሚገባ ተነጥፏል። አንዱ ባዶ ፍራሽ ነው። ከኋላ ወዳለው መታጠቢያ የሚያስገባው በር ዳር የብረት መያዣ ተተክሏል፤ ዙሪያው ያለው ሲሚንቶ ገና ነጣ እንዳለ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠችውን አሮጊት ነርሷ አወቀቻት፤ በልጅነቷ የበዓል ልብሷን የሰፋችላት ልብስ ሰፊ ናት። እናቷ ባዶው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፣ በመዳፋቸው ጫኑት፣ ከዚያ ከፍ ዝቅ ብለው ሞከሩት።

«ጎርባጣ ነው» አሉ።

«ጎርባጣስ አንቺ ነሽ። ፍራሹ ደህና ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ታንኮራፊያለሽ?»

«እንደ ጭነት መኪና።»

«እንግዲያው ተስማማን። ሹፌር ነው ያሳደግሁት፣ ለምጄዋለሁ።»

ነርሷ ከዚያ በላይ አልቻለችም። በሩን በርግዳ ገባች። «እማዬ ተነሽ! ተነሽ እንሂድ!» ደብተሯ ከብብቷ ወደቀ፤ አላነሣችውም። ወደ ሠራተኛዋ ዞረች። «ማነው የላከሽ? ወንድሜ ነው አይደል? ሜትር ይዘሽ ቤቱን ስትለኪ አይቼሻለሁ! በማን ስም ነው ስትዪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! አሮጊት አባብለሽ ከቤቷ አውጥተሽ፣ እኛን ደግሞ አውራ ጎዳና ልትጥዪን!»

ሠራተኛዋ አልተቆጣችም፤ ይህም ነርሷን ይበልጥ አናደዳት። «የለካሁት የመታጠቢያ ቤቱን በር ነው» አለች። «ግድግዳውን ያንኳኳሁት መያዣ ብረት ይሸከም እንደሆነ ለማወቅ ነው። ለመብሳት ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልገናል። ወንድምሽን በመልክም አላውቀው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

ሴትዮዋ እናትየውን አየች፣ ወለሉን አየች። «ይሄ የኛ ሐሳብ አይደለም፤ እኔ መልእክት ነው ያደረስኩት፣ መያዣውንም ሲለምኑኝ አስተከልኩ» አለች ቀስ ብላ። «የኛ ሥራ ሰው በገዛ ቤቱ እንዲቆይ ማድረግ ነው። እዚያው ይቆዩ፣ ከልጅዎ ጋር ይነጋገሩ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ጠዋት አንቺንም የጠየቅሁሽ ወሬው በዚያ በኩል ይከፈት ይሆናል ብዬ ነው።»

«እሷን ተያት» አሉ እናቷ ከፍራሹ ላይ። «እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ከሌለ ልብስ ላይ የሌለ ክር መልቀም ጀመረች። ነርሷ ከእናቷ ፊት ቁጢጥ አለችና ጉልበታቸውን ያዘች። «ምን አጎደልኩብሽ እማዬ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ምንም አላጎደልሽም እኮ ነው የምልሽ። ዳቦዬን ትቆርሺልኛለሽ። ፀጉሬን ታጥቢኛለሽ። ውሃ ስጠጣ ብርጭቆውን ትይዢልኛለሽ። አንድ ቀን ምራቄንም ትውጪልኛለሽ ብዬ ፈራሁ።» ልብስ ሰፊዋ ሳቅ አመለጣትና በእጇ አፈነችው። እናቷ ግን አልሳቁም። «እዚህ ደረጃ የለም። እሷ ዓይኗ ደክሟል፣ ክር ከመርፌ አስገባላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ጉልበት አላት፣ ባልዲ ታነሣልኛለች። ቅዳሜ እኔ አበስላለሁ።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ እተውልሽ አልነበር? በሩን አልቆልፍም ነበር፣ ዳቦውን...»

«ሳትቆልፊውም አንቺው ነሽ። በጠዋት ተነሥተሽ ታለቅሻለሽ፣ ወደቀች ብለሽ ትሮጫለሽ። በገዛ እጄ መኖር ነው የፈለግሁት። ምን ልበልሽ? ከቤቴ ውጪልኝ ልበልሽ?» የእናቷ እጅ ፀጉሯ ላይ አረፈ። «መሄጃ የለሽም። ከመጣሽ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ልጅ ይዛ የመጣችን ልጅ ሂጂ የሚል አፍ የለኝም። እኔ ግን መሄጃ አገኘሁ።»

ነርሷ ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀችው ነገር ለካ ከመጀመሪያውም አልተደበቀም። እያስታመመች መስሏት፣ ተጠግታ ስትኖር ኖሯል፤ እናቷም ይህን እያወቁ ብርጭቆውን እንድትይዝላቸው አፋቸውን ከፍተውላት ነበር። ሠራተኛዋ ከወለሉ ላይ ደብተሩን አንሥታ፣ አራግፋ ሰጠቻት። ነርሷ ተቀበለቻት፤ አመሰግናለሁ አላለቻትም። ያቺን ሴት እስከ መጨረሻው አላመነቻትም፤ አጥፍታ አይደለም፤ ይህ ሁሉ በፊቷ ሲሆን ቆማ ስላየች ነው።

ሲመለሱ እናቷ ደጉን እያስቀደሙ፣ በየመታጠፊያው እያረፉ ወጡ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዷ ጎረቤት አንገቷን ከበር አውጥታ፣ «ነርሷ! ምነው በሽተኛሽን አስሮጥሻት?» አለች። እናቷ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «በሽተኛዋስ እሷ ናት። አየር ላስቀበላት ነው የወጣሁ» አሉ። ጎረቤቷ ሳቀች። ነርሷም ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን እሺ አላላትም። ቤት ገብተው እናቷ ሽንኩርቱን ላጡ፤ ቀስ ብለው፣ አንዳንዴ ቢላዋው እያመለጣቸው። ነርሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየቻቸው። ሬዲዮ ቢኖር ይከፍቱት ነበር። ሽንኩርቱ ተከተፈ፣ ድንቹ ተከተፈ፣ ውሃው ፈላ፤ ሁለት ሴቶች በአንዲት ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ እየተላለፉ ከ«ጨው» እና ከ«እዚያ ነው» በቀር አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

በማግሥቱ ወደ ማታ ወንድሟ መጣ፤ በንዴቷ ሰዓት ደውላ የጠራችው ራሷ ናት። ጭነቱን አራግፎ ሳይታጠብ ነው የመጣው፤ የሞተር ዘይት ይሸታል። ሾርባ ቀረበለት። ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ማንኪያውን አስቀምጦ እጁን አፋተገ። «እና ምን ችግር አለው? ጥሩ ነው እንጂ። እማዬ እዚያ ከገባች ይሄን ቤት እናከራየዋለን። ለእሷም መጦሪያ ይሆናል። አንቺም እስከዚያው አንድ ክፍል ትፈልጊያለሻ።» ስለዚህ ጥርጣሬዋ ከሥሩ ባዶ አልነበረም፤ ሠራተኛዋ ላይ ብቻ ነበር የተሳሳተችው።

«እናከራየዋለን ማለት አንተና ማን?» አሉ እናቷ።

«አይ፣ ማለቴ...»

«እኔ ከዚህ ስወጣ ሬሳዬ ነው የሚወጣው? ቤቱ ቤቴ ነው። ልጅ ያላት ትኖርበታለች። ሾርባህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል።»

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ጠጣ። ነርሷ ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ እንደሚጠበቅባት ታውቃለች። «አንቺ በቤትሽ ቆዪ፣ እኔ እወጣለሁ» ማለት ነው። ቀላል ነው፤ ልጅ ከእናቷ ቤት ትወጣለች፣ ያለ ነው። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ልጇ ምላሷን አውጥታ የቤት ሥራዋን ትጽፋለች፤ እግሯ ወለል ስለማይደርስ ከወንበሩ በታች ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ነርሷ ያንን እግር አየች። እናቷን አየች። እናቷ ማንኪያቸውን ከሳህኑ ላይ አንሥተው፣ ሳይጎርሱት፣ ሳይመልሱት፣ ትንሽ ያዙት። እየጠበቁ ነው ወይስ እያቀዘቀዙት? እስከ ዛሬ አልገባትም። ከዚያ ማንኪያው ወደ አፋቸው ሄደ፤ ቃሉም ወደ መጣበት ተመለሰ። «ጨው አነሰው?» አለች ነርሷ። «ደህና ነው» አሉ እናቷ።

እሑድ ጠዋት ወንድሟ አንድ ሣጥን፣ አንድ ብርድ ልብስና የእናቱን ወንበር መኪናው ላይ ጫነ። እናቷ በመኪናው አልሄዱም፤ በእግራቸው ነው የሄዱት። ነርሷ በመስኮት አየቻቸው። መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ቆመው ግራ ቀኝ አዩ፣ ተሻገሩ፣ በማዕዘኑ ታጠፉ፤ ወደ ላይ ዞረው አላዩም። የቤቱ ባለቤት ሄዱ። ልታስታምም የመጣችው ቀረች።